ያልተከፋፈለ ቅጠል

ጥቅምት 8፣ ጠዋት
ቲማቲሟን ውሃ አጠጣሁ። ሦስት ፍሬ ይዛለች፤ አንዱ መቅላት ጀምሯል። ቅጠሏ አሁንም ድፍን። የሌላ ቲማቲም ቅጠል ተከፋፍሎ ነው የሚያድገው። ቅጠሉ ገና ሲፈጠር ጠርዙን «መከፋፈልህን ቀጥል» የሚል ዘረመል (ጂን) አለ። የኔዋ ላይ ቶሎ ዝም ይላል። ለምን? ሥራዬ ይሄ ነው። የምሠራበት ላቦራቶሪ ፍሪጅ ተበላሽቶ ዘሩ ሁሉ ሻግቶ ሞተ። የቀረችው ይቺ ብቻ ናት፤ ካዛንቺስ፣ ግቢያችን፣ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ።

ጥቅምት 11
በራችን ላይ የሚፈርስ ቤት ቀይ ምልክት ተቀባ። ቅዳሜ እንለቃለን። የጀርባው ግቢ ፈርሷል። አቧራውን ከቅጠሏ ላይ በጨርቅ ስጠርግ ጎረቤቴ እትዬ ዘውዴ አዩኝ። ታማለች፣ ንቀላት አሉ። በሽታ አይደለም፣ አፈጣጠሯ ነው አልኳቸው።
«እንዲያ ከሆነ እንዳንተ ናታ።»
ሳላገባ መቅረቴን ማለታቸው ነው።

ጥቅምት 15፣ ማታ 12 ሰዓት
እትዬ ዘውዴ መሰናበቻ አበሉን። ሰሞኑን ሁሉም ግቢ እንዲህ ነው፤ የሚለቅ ሰው ቤት ያፈራውን አውጥቶ ከጎረቤት ጋር ይበላል። ሽሮ። ቲማቲም በቃሪያ። አርብ ነው፣ ጾም። እሳቸውም አጎረሱኝ። ይጣፍጣል።
ከዚያ ቆርቆሮውን አየሁ። ፍሬ የለም።
ዘሩስ አልኩ። ለጨጓራዬ አይሆንም ብለው ፍቀው ጥለውታል። ቆሻሻው ከሰዓት ተወስዷል።
«ለማን ልተወው? ለዶዘር?» አሉ።
መብላቴን ቀጠልኩ።

ጥቅምት 16
ጫኞቹ ቁም ሳጥን አስደግፈውባት ግንዷ ተሰበረ። ያልተቀጠቀጠ ቅርንጫፍ ቆርጬ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ አቆምኩ። ሥር ካወጣ ይተርፋል። እትዬ ዘውዴ መኪና ሲሳፈሩ፣ ትናንት ፊትህ ጠቆረ፣ ለዘር ነበር እንዴ ያስቀመጥከው አሉኝ። አይደለም አልኩ። የሚሄዱበትን ሰፈር አያውቁትም። ከዚህ ሌላ ቤት ኖረው አያውቁም።

ጥቅምት 25
አዲሱ ቤቴ አራተኛ ፎቅ ነው። መስኮቱ የሚያየው ግድግዳ ነው። ቅርንጫፉ ሥር አላወጣም፤ ከታች ጠቁሯል። ጫፉ ላይ አንድ አዲስ ቅጠል አለ። ከጥፍር ያነሰ። ድፍን።
እትዬ ዘውዴ ደወሉ። እሳቸው የገቡበት ፎቅ ላይ ሰላም የሚላቸው የለም። ያቺ በሽተኛህ ተረፈች ወይ አሉ። ደህና ናት፣ አበባ አውጥታለች አልኩ። እሁድ መጥቼ አያታለሁ አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ደስታ ነበር።

ጥቅምት 26
ከወሎ ሰፈር የቲማቲም ችግኝ ገዝቼ በሷ ፋንታ መስኮቱ ላይ ላስቀምጥ አሰብኩ። መንገድ ላይ፣ ደምበል ጋ ስደርስ ከታክሲ ወርጄ ተመለስኩ። እትዬ ዘውዴ ቅጠሉን ያውቁታል። ከኔ ሌላ ያንን ቅጠል ለይቶ የሚያውቅ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።
እሁድ ጠርሙሱን አሳያቸዋለሁ። የጣሉት ዘር ምን እንደነበረም እነግራቸዋለሁ። ምሳ ከበሉ በኋላ።