የወይኑ ርስት ልጅ

ይድረስ ለወንድሜ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ? ብርዱ እዚያም እንደ ጭላሎ ብርድ አጥንት ይሰብራል? እኔ፣ ተመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ።

ስለምትሠራበት የወይን ርስት የተሠራውን ፊልም አየነው። ቤታችን ተከራይታ የምትኖረው አስተማሪ፣ ፀዲ፣ ፈረንሳይኛ ታውቃለች፤ ስልኳ ላይ አግኝታ አሳየችን። እማዬ ሻሿን አስተካክላ፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ተቀመጠች።

ያምራል፣ ምን ዋጋ አለው መዋሸት። የድንጋዩ ቤት ንጉሣቸው ከመውደቁ በፊት የተሠራ ነው አሉ። ተባይ ሥሩን እየበላ አገሩ ሁሉ ወይኑን ነቅሎ ሲጥል፣ የዚያ ቤት ባልቴት ተባይ በማይደፍረው ሥር ላይ ቅርንጫፉን አጣብቃ ርስቱን እንዳዳነችም ተረኩ። ቀዩ ወይን ምድር ቤት፣ በእንጨት በርሜል ውስጥ ለዓመታት ይተኛል። እማዬ ተክሉን አይታ "እንደ ሹሩባ ነው የሠሩት" አለች። ቀጥላ "ይሄ ሁሉ ለቁርባን ነው?" ስትል ሳቅን።

ከዚያ አንተ መጣህ። ብርጭቆ ወደ ብርሃን አንስተህ ቀለሙን ታያለህ። እማዬ ፊትህን በጣቷ ስትነካው ምስሉ ቀጥ አለ፤ ፀዲ መልሳ አስኬደችው። አሮጊቷ የርስቱ ባለቤት ትከሻህን ይዘው ቆመዋል። ጋዜጠኛው ስለ ቤተሰብህ ጠየቀህ፤ መለስክ፤ አሮጊቷ አለቀሱ።

"ምን አለ?" አለች እማዬ። ፀዲ የስልኩን ድምፅ ቀነሰች። ደግማ ስትጠይቃት "እናቴ ናፍቃኛለች ነው የሚለው፣ እማማ" አለቻት። እማዬ እጇን ዘርግታ መረቀችህ፤ "ለልጄ ያለቀሱለትን ሴትዮም እድሜያቸውን ያርዝመው" አለች።

በኋላ ፀዲን ጓሮ ወስጄ ሳፋጥጣት እውነቱን ነገረችኝ። "እናቴ በረሃብ ሞታለች፤ እናት የሆኑኝ፣ አፈር ማወቅ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው" ብለሃል። በረሃብ! ገብሷን እየሸጠች ያስተማረችህ ሴት! የጠርሙሱ ታሪክ እንዲያምር ነው? ወይስ አፍረህብን?

ስደውልልህ "ለፊልም ነው፣ አታካብጂው" አልከኝ። እማዬ መታመሟን ስነግርህም "ከወይን ለቀማው በኋላ እመጣለሁ" አልክ።

አልጋ ላይ ሆና አንተ የምትታይባትን ቦታ ብቻ ደጋግማ ታስከፍት ነበር። አንድ ቀን ግን ስልኩን ለፀዲ መልሳ፣ ፀዲ ስትወጣ ጠብቃ፣ "ደግ ልጅ ናት" አለችኝ። "ሴትዮዋ ግን ለሰው ናፍቆት እንዲህ አያለቅሱም።" ከዚያ ወዲያ ፊልሙን አልጠየቀችም። ስምህንም አላነሳችም።

ለቀማው አልቆ ይሆናል። እንግዲህ አትቸኩል። አጎታችን እንደሻው ከሳጉሬ ሰው ይዞ መጥቶ የሚደረገውን ሁሉ አድርጓል፤ ድንኳኑም ተነሥቷል። ጋዜጠኛው ተመልሶ ቢጠይቅህ፣ ቃልህን ማረም አያስፈልግህም።

እኔ ለመመረቅ አፌ አልፈታ ብሎኛል። እሷ የመረቀችህ ይድረስህ።

እህትህ
አሰላ