እሜቴ እንዳትነሳ

ውድ ወንድሜ፣ የናፍቆት ሰላምታዬ ካለህበት ድረስ ይምጣልህ። እንዴት ነህ? እንዴት ከረምክ? ያ ወገብህ ተሻለው ወይስ አሁንም ስትጎነበስ "ወይኔ እናቴን!" እያልክ ነው? ሥራውስ? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ትልቁ ቁመቱ አንተን አልፏል አሉ፤ ግድ የለም፣ አንተን ማለፍ ከባድ አይደለም። እኛ ተመስገን፣ ሁላችንም ደህና ነን።

ደህና ነን ያልኩህ እጄ ስለለመደው ነው። እኔ ደህና አይደለሁም፤ ፈርቻለሁ። በስልክ እንዳልነግርህ አባባ ካንተ ጋር ሳወራ ከአጠገቤ አይጠፉም። ደግሞ ከወረቀቱ ጋር የምልክልህ ነገር ስላለ በሰው እጅ መላኩን መረጥኩ።

እሜቴ መቆሟን ሰምተሃል። አባባ ይህችን አሮጌ መኪና "እሜቴ" ማለት ከጀመሩ ጀምሮ እማዬ እንደ ጣውንት ነው የምታያት። ያን ቀን ልጄን ከትምህርት ቤት ይዘው ሲመለሱ ዳገቱ ላይ ጓ ብላ ደርቃ ቀረች። ሰው ተረባርቦ ገፍቶ ግቢ አስገባት። ቁልፉ ሲዞር ጠቅ ትላለች እንጂ ሌላ ድምፅ የላትም። እኔ የማውቀው የልብስ መስፊያዬን ብቻ ነውና "ባትሪ ይሆናል" ብል አባባ ሳቁብኝ። ካንዴላዎቹን ፈትተው በየቀዳዳው ዘይት አንጠባጠቡና አሳደሩት። በማግስቱ ሞተሩን ከፊት በረጅም ቁልፍ ይዘው ሊያዞሩት ታገሉ፤ እኔም መጥቼ ተንጠለጠልኩበት። ወይ ፍንክች!

"ነክሷል" አሉ፣ ለቅሶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ከስር ዘይቱን ሲያፈሱት አንድ ስኒ እንኳ አልሞላም፤ የወጣችውም ብር የተፈጨባት ይመስል ታብለጨልጫለች። የማፍሰሻው ቡሎን ላልቶ ዘይቱ መንገድ ለመንገድ ተንጠባጥቦ አልቋል። ሞተሩ በደረቁ ሲፋተግ፣ ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ወፍራም ዘንግ ከያዙት ብሮንዚኖች አንዱ ቀልጦ ተጣብቆበታል። አባባ ይህን ሁሉ በጣታቸው እየዳሰሱ ነው ያስረዱኝ። እኔም እንደ ተማሪ ጠየቅኩ፤ ምነው አፌን በቆረጠው። ዘይት ሲያልቅ የምትበራዋ ቀይ መብራትስ የት ሄዳ ነው አልኳቸው።

አምፖሏ ተቃጥላ መሆን አለበት፣ ብትበራ ኖሮ አላያትም ነበር ወይ አሉኝ፤ ቆጣም አሉ። ካላመንሽ ፈትተሽ ባትሪው ላይ ሞክሪያት ብለው አዘዙ። ፈታኋት፤ ያቺን ሚጢጢ አምፖል መዳፌ ላይ አድርጌ በሁለት ሽቦ ከባትሪው ጋር አገናኘኋት። ቦግ አለች! ቀይ ክዳኗ እንደ ፍም ጋለ። አባባ ከፊቴ ቆመው፣ ዓይናቸውን መዳፌ ላይ ተክለው፣ "እህ፣ በራች?" አሉኝ።

እየቀለዱብኝ መስሎኝ ቀና ብዬ ፊታቸውን አየሁ። ቀልድ የለም። መልሴን እየጠበቁ ነው። መብራቷ በእኔና በእሳቸው መሐል እየበራች "አልበራችም" አልኳቸው። "አላልኩሽም!" አሉና ደስ ብሏቸው አዲስ አምፖል እንድገዛ ላኩኝ። ከግቢው ወጥቼ አጥሩን ተደግፌ ቆየሁ።

የባሰው ገና ነው። ልጄን ሳጥባት ነገሩን ነካ ባደርግባት፣ ያን ቀን መኪናው ውስጥ ቀይ መብራት አይታ ለአያቷ ነግራቸው እንደነበር አወራችኝ። "የፀሐይ ነጸብራቅ ነው" አሏት አሉ። መንታ መንገዱ ላይም አንድ ጋሪ የሚገፋ ሰው ጮኾባቸዋል፤ እሷን ሰውየው ከመኪናዋ ለማምለጥ ሲዘል አስቋት ነበር። እየሳቀች ስትነግረኝ እጄን በአፌ ጫንኩ። እማዬን ስጠይቃት አልደነገጠችም። ጨው ሲፈልጉ ስኳር ማንሳት ከጀመሩ መቆየታቸውን፣ አንድ ቀን ስለ ዓይናቸው ብታነሳባቸው አኩርፈው ከሰነበቱ ወዲህ አፏን መዝጋቷን ነገረችኝ። ሐኪም ዘንድ ከሄድኩ መንጃ ፈቃዴን ይቀሙኛል ብለው ያስባሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ መሪ ጨብጠው ለኖሩ ሰው ማየት ተሳነኝ ማለት ሞትኩ ማለት ነው።

እንግዲህ በዚህ መሐል ነው ሞተሩ የወረደው። የእማዬ ትልቁ ትሪ በናፍታ የተነከረ ቡሎን ተሞላ፤ ፒስተኖቹ ከመስፊያዬ ጎን ተደረደሩ። የምሰፋው የሙሽራ ልብስ በአንድ ወገን፣ ቅባት በሌላ ወገን። ቶርኖ ቤት ያለው ጎረቤታችን ዘንጉን ወስዶ ሞርዶ አመጣው። አባባን ብታያቸው ትኮራለህ። የሲሊንደሩን ግድግዳ በአውራ ጣታቸው ዳሰው እኔ ያላየሁትን ጭረት ያገኛሉ። የፒስተን ቀለበቱን ወደ ቦታው ሲያስገቡ እንደ ሕፃን ጣት ነው የሚይዙት። ብረቱ ላይ የተጻፈ ቁጥር ሲመጣ ግን "መነጽሬ ቅባት ነክቶታል፣ እስቲ አንብቢልኝ" ይላሉ። መነጽራቸውን እኔ ራሴ ጠዋት ጠዋት እወለውለዋለሁ። እናም ቁጥሩን አነብላቸዋለሁ፣ ቁልፍ አቀብላለሁ፣ አንድ ነገር በትክክል በገጠመ ቁጥር እሳቸው ሲያፏጩ እኔ ትሪው ላይ የቀረውን እቆጥራለሁ። ልጄን ደግሞ ሞተሩ በተነሳ ቀን መጀመሪያ የምትሳፈሪው አንቺ ነሽ ብለዋታል። እሷም ለክፍል ጓደኞቿ በሙሉ አውጃለች።

የፈሩት ይደርሳል አይደል የሚባለው፤ ሞተሩ ገጥሞ ወደ ቦታው የሚመለስበት ቀን ደረሰ። ሰዎች በሰንሰለት አንጠልጥለው አስገቡት፣ ዘይትና ውሃ ተሞላ፣ ባትሪው ኃይል ተሞልቶ መጣ። አባባ እጃቸውን ሊታጠቡ ዞር ሲሉ እኔ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ከፈትኩ። ለየካንዴላው እሳት የምታከፋፍለው፣ ከክዳኑ ስር የምትሽከረከረው ትንሿ ዕቃ እንዴት እንደምትወጣ ከጥቂት ቀን በፊት ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ነቅዬ ብብቴ ውስጥ ከተትኳት።

ሞተሩ ዞረ፣ ወንድሜ! ያ የደረቀ ብረት እንደ ቅቤ ዞረ፤ ግን አልተነሳም። አባባ ጆሯቸውን ጣል አድርገው "እሳት የላትም" አሉ። ወርደው ክዳኑን በዳሰሳ ከፈቱ። ጣታቸው ገባ፤ ፈለገ፤ ባዶውን ጫፍ ዞሮ ዞሮ ዳሰሰና ቆመ። እኔ ልጮህ ነበር። ሰው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። ክዳኑን ቀስ ብለው መልሰው ሁለቱን ማቀፊያ ጠቅ፣ ጠቅ አደረጉና፣ "ባትሪው ደክሟል። ለዛሬ ይብቃን" አሉ። ባትሪው በዚያው ጠዋት እንደተሞላ እሳቸውም ያውቃሉ። ስለ አምፖሏ እንደዋሸሁላቸው ዋሹልኝ። ከዚያ ወዲህ ወደ መኪናዋ አልሄዱም፤ በረንዳው ላይ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ።

ስለዚህ ዕቃዋን ላንተ ልኬልሃለሁ። እዚህ ብደብቃት ሲለምኑኝ አልጨክንም። የእኔንና የእማዬን ቃል ጆሮ ዳባ ልበስ ይሉታል፤ አንተን ግን ይሰሙሃል። እባክህን ፈቃድ ጠይቀህ ና፤ ሐኪም ዘንድ ውሰዳቸው። ዓይናቸው የሚድን ከሆነ ዕቃዋን በገዛ እጅህ መልስላቸው። የማይድን ከሆነ ምን እንደምናደርግ እኔ አላውቅም፤ ለዚህም ነው የምትመጣው።

እማዬ አገላብጣ ትስምሃለች፤ ትሪዋ አሁንም ናፍታ ናፍታ ስለሚሸት ስትመጣ አዲስ ይዘህላት እንድትመጣ ታዛለች። ልጄ ያንን ሁሉ ጓደኛ በከንቱ ካስጠበቀች ወዲህ አኩርፋለች፤ ቢሆንም ለአጎቷ ሰላምታ አልነፈገችም። ባለቶርኖው ጎረቤታችን ሰላም ይልሃል። ለባለቤትህና ለልጆቹ ሰላምታችንን አድርስልን።

አባባም ሰላም ብለውሃል። ይህን ስጽፍ መጥተው ከኋላዬ ቆሙ። ወረቀቱን በእጄ ልሸፍን አልኩና ተውኩት። ትከሻዬን ያዙ፣ ከወረቀቱ ጎን የነበረችውን ዕቃ በጣታቸው ዳሰሱና፣ ለወንድምሽ የምትልኪያትን ዕቃ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልያት፣ ከወደቀች ትሰነጠቃለች አሉኝ። ከሙሽራዋ ልብስ በተረፈው ጨርቅ ጠቅልዬልሃለሁ፤ ስትፈታት ተጠንቀቅ።

እህትህ
ከቤታችን፣ ከመስፊያዬ ጠረጴዛ ላይ
ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን