የጣት ወለምታ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንዴት ከርመሻል እትዬ? ወገብሽ ተሻለሽ? ባለቤትሽስ፣ ያ ሳሉ ለቀቀው? እኔ ደህና ነኝ። ይህንንም የምልሽ ለወጉ ያህል አይደለም፣ የእውነቴን ነው።

በወረቀት የምጽፍልሽ፣ በመልእክት የበደልኩሽን በመልእክት ልክስሽ ስላልሆነልኝ ነው። አራት ወር ሙሉ ዘግተሽኛል። አልፈርድብሽም።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ከማቀዝቀዣ መሸጫው ጀርባ፣ መስኮት በሌላት ክፍል ተቀምጬ የደንበኛ ቅሬታ ስመልስ እውላለሁ። መልሱ አስቀድሞ የተጻፈ ነው፤ አንድ ቁልፍ ስነካ ራሱ ይሄዳል። ታዲያ እኔ ብልጧ፣ ከማንም ወሬ እንዳልቀር ብዬ የራሴንም የመልእክት ገጽ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ከፍቼው እውል ነበር። የዚያን ቀን አንቺ ከሆስፒታል «ልጄ አልተረፈም» ብለሽ ጻፍሽልኝ። እኔ ሳላነበው፣ ከደንበኞቹ እንደ አንዱ፣ «መልእክትዎ ደርሶናል፤ በተራዎ እናስተናግድዎታለን» ብዬ መለስኩልሽ።

ያየሁት በማግስቱ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የጣት ወለምታስ በምን ይታሻል? ብጽፍልሽ አትከፍቺም፣ ብደውል አታነሺም። ልመጣ ስነሳ ደግሞ እማዬ፣ «አሁን ፊትሽን ማየት አትፈልግም፣ ተያት» አለችኝ። ቀርቼ ተብሰለሰልኩ። እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ፤ ትመልሽልኝ እንደሆነ እያልኩ ስልኩን ስከፍት ስዘጋ ዓይኔ ደም መሰለ።

በመጨረሻ ባለቤቴ መረረው። ምድር ቤት ያሉትን ልብስ ሰፊ ጋሼን አማከራቸውና፣ ከቅዳሜ ከሰዓት እስከ ሰኞ ጠዋት ስልኬን ጋሼ በመሳቢያቸው እንዲቆልፉብኝ ተስማማን። በመጀመሪያው እሑድ አራት ጊዜ ወርጄ ማን ደወለ እያልኩ ጠየቅኳቸው። ልጄ፣ ስልኩስ ተኝቷል፣ አንቺ ነሽ ያልተኛሽው አሉኝ። በሁለተኛው እሑድ ግን እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ለጥ አልኩ፤ ባሌ ሞቼ መስሎት ትንፋሼን ሲያዳምጥ ነው የነቃሁት። በሦስተኛው ደግሞ ያወራልኝን ወሬ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማሁት። ለካ ሰውዬው ጨዋታ አዋቂ ኖሯል፤ ስድስት ዓመት አብሬው ኖሬ አላወቅኩም።

በአምስተኛው እሑድ ልብስ ሳጥብ ልጁ ትዝ አለኝ። እትዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ እስከዚያ ቀን ለእሱ አላለቀስኩም ነበር። ሳለቅስ የከረምኩት ለራሴ ነው፤ ስለ ስህተቴ፣ ስለ ዝምታሽ። ያን ቀን እጄ በሳሙና አረፋ እንደተነከረ ለእሱ አለቀስኩለት። አክስቱ ነበርኩ እኮ። ሲወጣልኝ ሰውነቴ ሁሉ ቀለለኝ፤ ከዚያ ወዲህ እሑድ ሲመጣ ደስ ይለኛል።

ባለፈው ሳምንት እማዬ ከአንቺ ዘንድ ስትመለስ አንድ ጥቅል አምጥታ ሰጠችኝ። ስፈታው ለልጁ በእጄ የሠራሁለት ሁለቱ ትናንሽ ሹራቦች ናቸው። ስጦታዬን የመለስሽብኝ መስሎኝ ክው አልኩ። ኋላ ልብ ብዬ ሳያቸው ታጥበዋል፣ ተተኩሰዋል፣ የአንደኛው የላላ ቁልፍ በአዲስ ክር ጠብቋል። የተቀየመ ሰው ቁልፍ አያጠብቅም። እማዬን እንዳትነግርሽ አስምያት ነበር፤ በሐዘንሽ ላይ እንዴት ብዬ እንዲህ ያለውን ነገር ላሰማሽ? እሷ ግን መቼ ሆዷ ምስጢር ይችልና። እንኳንም ነገረችሽ።

ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ። ሐኪሙ ከባድ ነገር እንዳላነሳ ስለከለከለኝ ባለቤትሽ መናኸሪያ ድረስ ወጥቶ ይቀበለኝ። ስልኬ እዚሁ ጋሼ ዘንድ ይቀራል። ልትቆጪኝም ከፈለግሽ ተቆጪኝ፣ አንድም ሳላስቀር እሰማሻለሁ። ሹራቦቹን ግን ይዤልሽ አልመጣም፤ ከጥቂት ወራት በኋላ እዚህ ይፈለጋሉ።

ፈጣሪ እንባሽን ያብስልሽ፤ ያጣሽውን እጥፍ አድርጎ ይካስሽ። በሰላም ያገናኘን።

ታናሽሽ