የድንጋዩን መንገድ ያውቁ የነበሩት አቶ ደባልቄ አስማማው

አቶ ደባልቄ አስማማው ከአባታቸው ከአቶ አስማማው በላይና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዘመናይ እጅጉ በ1963 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ተወለዱ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወላጆቻቸው ጋር በሰፈራ አሶሳ ገቡ። እስከ አሥረኛ ክፍል ተማሩ፤ ከዚያ በላይ ድህነት አላስኬዳቸውም።

በ1989 ዓ.ም. ወ/ሮ ሠናይት ነብዩን አግብተው በኃይሉንና ሐኒን ወለዱ። በተጋቡበት ዓመት እብነ በረድ ማከማቻ ግቢ ተቀጠሩ። ሃያ ቶን የሚመዝን ድንጋይ ከድንጋይ መሀል፣ አንዱ ሌላውን ሳይነካ ማውጣት ቀልድ አይደለም። አቶ ደባልቄ ትሪ ላይ የክብሪት ቀፎ ይደረድሩና የትኛው እንደሚቀድም፣ በየት ዞሮ የት እንደሚያርፍ፣ ክሬኑ ሳይነሳ ይጨርሱት ነበር። መሐንዲስ እንኳ አይቶ አፉን ይዞ ተመልሷል።

በ2009 ዓ.ም. ግን ጉድ ፈላ። ድንጋዩ በቀየሱለት መንገድ ምንም ሳይነካ አለፈ፤ ሰንሰለቱን ይዞ የሚመራው ወዳጃቸው ኻሚስ ግን መሸሻ አጥቶ በሁለት ድንጋይ መሀል ቀረ። አቶ ደባልቄ ሰውን አልቆጠሩም ነበር። ይህ በቀብራቸው ላይ እንዲነበብ ያዘዙት ራሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ትሪው ላይ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ ፍሬ በቆሎ ያኖሩ ነበር፤ አንድንም ሰው ጭረት አልነካውም።

ባለፈው ጥር የድንጋይ ብናኝ ሳንባቸውን ጎድቶ አልጋ ሲይዙ፣ ግቢው ውስጥ ለማዟዟሪያ ባስቀሩት ባዶ ቦታ ላይ አዲስ ድንጋይ ተቆለለ። ትሪውን አልጋቸው ድረስ አስመጥተው ሦስት ሳምንት ሞከሩ። ለድንጋዮቹ መውጫ አገኙ፤ አንዲቷ፣ የሰንሰለት ያዡ በቆሎ ግን ሁልጊዜ መሸሻ ታጣለች። ድንጋዩ አይነሳ ብለው ላኩ። ማን ሰሚ ተገኝቶ! የግቢው ኃላፊ የበሽተኛ ሐሳብ ነው ብለው ሳቁ።

ዛሬ ሰንሰለቱን የሚይዘው ልጃቸው በኃይሉ ነው። እንዲተው ለመኑት። እሱም፣ «አባባ፣ እኔ እምቢ ብል የሚገባው የኻሚስ ልጅ ሰዳም ነው» አላቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አቶ ደባልቄ ዓርብ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ54 ዓመታቸው አረፉ። እዚህ የቆማችሁ የግቢው ሰዎች፣ ድንጋዩን የሚወስዱት መኪኖች ሰኞ ጠዋት እንደሚጫኑ ታውቃላችሁ፤ እኛም እናውቃለን።

ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ትተዋል። እግዚአብሔር የደባልቄን ነፍስ በአብርሃም ዕቅፍ ያኑርልን፤ የበኃይሉን ግን ገና ነውና ለእናቱ ይተውላት።