«ባንኩ ጋ ወደ ግራ ታጠፍ»፦ የአምስተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ትምህርት ግቦችን ላዘጋጁልን ክቡር ባለሙያ

ግንቦት 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለአምስተኛና ለስድስተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ትምህርት ግቦችን አስበው፣ አርቅቀውና አጽድቀው ለላኩልን እጅግ የተከበሩ ባለሙያ፤
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የተደላደለ፣ የቢሮዎ መስኮትም ነፋሻ ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኛ እዚህ ራያ ቆላ፣ ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ሙቀቱ እንደተጠበቀ ሆኖ ደህና ነን። የዘንድሮ በልግም ሳያሳፍረን አልፏል።

እኔ ሕሉፍ ኃይሉ እባላለሁ። ዋጃ ተወልጄ ያደግሁ፣ በዚሁ መንገድ ዳር በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የማስተምር መምህር ነኝ። ስሜን የሚያውቁበት ምክንያት የለም፤ እኔም የእርስዎን አላውቅም፤ ግቦቹ ሲደርሱን ከግርጌያቸው ማኅተም እንጂ ስም አልነበረባቸውምና። ስለሆነም ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድሁት ከድፍረት ሳይሆን ከአድራሻ እጦት መሆኑን እንዲረዱልኝ በትህትና እጠይቃለሁ።

ግቦቹ ያማሩ ናቸው። አንድ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ዓመቱ ሲያልቅ ለመንገደኛ አቅጣጫ ያመለክታል፣ የዕለቱን የአየር ጠባይ ይገልጻል፣ በባቡር ጣቢያ ተገቢውን ንግግር ያደርጋል፣ በበረዶ ላይ ስለ መንሸራተትም አጭር አንቀጽ ይጽፋል። ልጆቻችን በረዶን የሚያውቁት ማሽላ ሲደበድብ እንጂ ሰው ሲዝናናበት ስላልሆነ፣ አንዱ ተማሪዬ «ሰውየው የተንሸራተተው ማሽላው ስለወደመበት ደንግጦ ነው» ብሎ ጽፎልኛል። ሙሉ ነጥብ ሰጥቼዋለሁ። በዚህ አጥፍቼ ከሆነ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ወደ ቅሬታዎቼ ስገባ፣

አንደኛ፤ ስለ አቅጣጫ ማመልከት።

በክፍሌ ውስጥ ኡሙልኸይር ሙህሲን የምትባል ልጅ አለች። ቤታቸው ከአስፋልቱ ወደ ቆላው ገባ ብሎ፣ ከወንዙ ወዲህ ነው። የእርስዎን ግብ እንደ እሷ ከልቡ የተቀበለ ተማሪ አላየሁም። መንገደኛ «ይቅርታ፣ ጣቢያው የት ነው?» ብሎ በእንግሊዝኛ ሲጠይቅ፣ «ቀጥ ብለህ ሂድ፣ ባንኩ ጋ ስትደርስ ወደ ግራ ታጠፍ፣ ድልድዩን ተሻገር፣ በስተቀኝህ ታገኘዋለህ» የሚለውን መልስ ያለ አንዳች ስሕተት ትወጣዋለች። ፖስታ ቤቱም ቢጠየቅ፣ ሆስፒታሉም ቢጠየቅ መልሷ ያው ነው፤ መጽሐፉ ውስጥ ያለው ካርታ አንድ ብቻ ነዋ!

በሚያዝያ ወር አንድ ቀን፣ እኔ ቆቦ ላይ ግቦቹ እንዴት እንደሚሳኩ በተዘጋጀ ስልጠና ሻይና ብስኩት እየተጋበዝሁ ሳለ፣ ልጆቹ እኩለ ቀን ላይ ተለቀቁ። ኡሙልኸይር ወደ ቤቷ ልትታጠፍ ስትል፣ ብስክሌቱ ላይ ሻንጣ ጭኖ፣ ፊቱ በፀሐይ በርበሬ የመሰለ አንድ ፈረንጅ አጠገቧ ቆመ። ሔንድሪክ የሚባል ሆላንዳዊ ነው፤ በብስክሌት ወደ ሰሜን እየተጓዘ ነበር። ጎማው ተንፍሶበት፣ እሱም ደክሞት፣ «ይቅርታ፣ ሆቴሉ የት ነው?» ብሎ ጠየቃት።

ክቡር ሆይ፣ የዚያችን ልጅ ደስታ ቢያዩት ኖሮ እርስዎም ወንበርዎ ላይ አይቀመጡም ነበር። ዓመቱን ሙሉ ያጠናችው ጥያቄ በእግሩ መጣላት! ደረቷን ነፍታ፣ ጣቷን ወደ ወንዙ በሚወስደው የጋሪ መንገድ ቀስራ፣ መልሱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንበለበለችው። ፈረንጁም አመስግኗት ቀጥ ብሎ ሄደ።

እንግዲህ በዚያ መንገድ ላይ ባንክ የሚባል ነገር የለም። ይሁንና «ባንክ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ገንዘብ የሚቀመጥበት ቤት ብቻ ሳይሆን የወንዝ ዳርም ማለት ነው። ይህን እርስዎ እንደሚያውቁት አልጠራጠርም፤ ግቦቹ ግን ለአምስተኛ ክፍል ሊነግሩን አልፈለጉም። ሔንድሪክ ከወንዙ ዳር ሲደርስ፣ ባንኩን አገኘሁ ብሎ በታዘዘው መሠረት ወደ ግራ ታጠፈ። ድልድዩን ፍለጋ የግመሎችን ዱካ ተከትሎ ወደ አሸዋው ወረደ። ድልድዩ ሲጠፋበት ጊዜ ከወንዙ መሀል ጫማውን አውልቆ፣ ተቀምጦ ጎማውን ይለጥፍ ጀመር።

ሁለተኛ፤ ስለ አየር ጠባይ መግለጽ።

ወንዛችን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ነው። ሰውም ግመልም ይሄድበታል። ነገር ግን በስተምዕራብ ባለው ተራራ ላይ ሲዘንብ፣ እኛ ጋ ፀሐዩ አናት እየበሳ ሳለ፣ ጎርፍ ድንገት ይደርሳል። ለገበሬው ሲሳይ ነው፤ ቦይ ቀዶ ወደ ማሳው ይመራዋል። አሸዋው ላይ ለተቀመጠ ሰው ግን ሌላ ነገር ነው።

አራጌ የሚባለው ጎረቤታችን ማሳው ከወንዙ አፋፍ ላይ ነው። የተራራውን መጥቆር አይቶ ቦዩን ሊከፍት ሲሮጥ ፈረንጁን አየው። «አንተ ሰውዬ! ጎርፍ ነው! ውጣ!» ብሎ ጮኸ። ፈረንጁ ፈገግ ብሎ እጁን አውለበለበለት። አራጌ አባቶቹ በተዉለት የኦሮምኛ ቃል ጮኸ፤ ፈረንጁ አሁንም አውለበለበ። ግመል ሲነግድ በለመዳት አፋርኛም ሞከረ። ያኔማ ሰውየው ሰላምታው ስለበዛበት ተነሥቶ እጅ ነሣ።

በዚህ መሀል ኡሙልኸይር ወደ ቤቷ ስታልፍ ደረሰች።

«ልጄ፣ አንቺ የፈረንጅ አፍ ትማሪ የለም? ጥሪው! ጎርፍ መጣ በይው!» አላት አራጌ።

ልጅቱ ወደ አፋፉ ሮጠች፤ አፏንም ከፈተች፤ ቃሉ ግን አልነበረም። «ጎርፍ» በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ማንም አላስተማራትም። በኋላ መጻሕፍቱን ሳገላብጥ ቃሉን ዘጠነኛ ክፍል ላይ አገኘሁት። ጎርፉም ልጆቹ እዚያ ክፍል እስኪደርሱ እንዲታገስ በሚመለከተው አካል ደብዳቤ ቢጻፍለት መልካም ነበር። እሷ በበኩሏ ከአየር ጠባይ ትምህርቷ የቀረበውን መርጣ «ዝናብ እየዘነበ ነው!» ብላ በእንግሊዝኛ ጮኸች። ሔንድሪክ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። አንዲት ደመና የለችም። «አይደለም፤ ፀሐያማ ነው» ብሎ በደግነት አረማት። በግቦቹ መሠረት ትክክለኛው እሱ ነው።

ያኔ ድምፁ ተሰማ። ጎርፍ ሲመጣ ከታጠፈው የወንዙ ክፍል ማዶ ምድሩ ያጉረመርማል። ኡሙልኸይር ባቡር አይታ አታውቅም። መጽሐፏ ውስጥ ግን ባቡር ሲመጣ ምድር ይንቀጠቀጣል፣ የጣቢያው ዘበኛም ይጮኻል። እሷም እንደዚያ ዘበኛ በሳንባዋ ሙሉ ጮኸች፦

«ዘ ትሬን ኢዝ ካሚንግ! ስታንድ ባክ!»

ባቡሩ እየመጣ ነው፣ ወደኋላ ሽሽ ማለቷ ነው። ሔንድሪክ በኋላ እንዳጫወተኝ፣ በዚያ አገር ሐዲድ እንደሌለ ካርታው ላይ አይቷል፤ ነገር ግን ሰው እንዲያ አድርጎ በከንቱ አይጮኽም። ጆሮውን ቢጥል ደግሞ በእርግጥም የባቡር ድምፅ ይሰማል። ብስክሌቱን ጥሎ በባዶ እግሩ ወደ አፋፉ ሮጠ። አፈሩ እየተናደ ሲያንሸራትተው አራጌ ዱላውን ዘርግቶ ጎትቶ አወጣው። ውኃው ግራር ከነሥሩ ተሸክሞ ከበታቻቸው አለፈ፤ ብስክሌቱም አብሮ ሄደ።

ኡሙልኸይር ግን አልተደሰተችም። መሬት ላይ ዘፍ ብላ ታለቅስ ጀመር።

«አብሽሪ ልጄ፣ አልሐምዱሊላህ! ወጥቷል እኮ!» አላት አራጌ።

«እኔ ነኝ የላክሁት» አለችው።

ከቆቦ በሚኒባስ ተመልሼ ወሬውን ስሰማ በቀጥታ ወደ አራጌ ቤት ነበር የሄድሁት። ሔንድሪክ ልብሱ እስኪደርቅ የአራጌን ሽርጥ አገልድሞ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ወተት ይጠጣል። የአራጌ ባለቤት ዓሊማ የሽርጡን አስተሳሰር እያየች በሳቅ ትፈርሳለች። ልጅቱ ከአጥሩ ውጪ ብቻዋን ቆማ ነበር።

«ቲቸር፣ የመለስሁለት ትክክል ነው አይደል?» አለችኝ።

«ትክክል ነው» አልኋት።

«ታዲያ ትክክል ከሆነ ለምን ሊሞት ደረሰ?»

ክቡር ሆይ፣ ከስልጠናው የሰጡኝን የምስክር ወረቀት በኪሴ ይዤ ነበር፤ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ ግን አላስታጠቁኝም። ስለዚህ ጥያቄውን በታላቅ አክብሮት ወደ እርስዎ መርቼዋለሁ።

ይህን ጊዜ ሔንድሪክ ራሱ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። ያ ቡናማ ውኃ በእናንተ ቋንቋ ምን ይባላል ሲል ጠየቃት። «ጎርፍ» አለችው። እሱ «ኮርፍ» አለ። አረመችው፤ አሁንም «ኮርፍ» አለ። በሦስተኛው ሳቀች። እሱም የእንግሊዝኛውን ቃል ነገራት፤ እሷም ወዲያው ያዘችው።

የሰፈሩ ወጣቶች ብስክሌቱን ከአሸዋ ቆፍረው እስኪያወጡለት ድረስ ሰውየው እኛው ዘንድ ሰነበተ። ክፍል ገባና ከልጆቹ ጋር የአካባቢያችንን ካርታ ሠራን፦ ወፍጮ ቤቱ፣ መስጊዱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ትልቁ ዋርካ፣ አስፋልቱና ወንዙ ያሉበት። አቅጣጫ ማመልከትን በዚያ ላይ ስንለማመድ፣ ዓመቱን ሙሉ ድምፃቸውን ሰምቼ የማላውቃቸው ልጆች እጃቸውን አወጡ። ግመል፣ አሸዋ፣ ማሽላና ጎርፍ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባሉ እርስ በርሳቸው ይጠያየቁ ነበር። በመጨረሻም ሔንድሪክ የተጣመመ ብስክሌቱን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስሮ ወደ አላማጣ ሄደ።

ሦስተኛ፤ ስለ ምዘናው።

ብዙም ሳይቆይ ግቦቹ መሳካታቸውን የሚያዩ አንድ ጨዋ ሰው ከእርስዎ ዘንድ ተልከው መጡ። ስለ ላኩልን ውለታዎ አለብን። ኡሙልኸይርን አስነሥተው ስለ ባቡር የምታውቀውን በእንግሊዝኛ እንድትገልጽ ጠየቋት። እሷም ባቡር ቡናማ መሆኑን፣ ከተራራ እንደሚወርድ፣ ዛፍ እንደሚጭን፣ ሲደርስም ገበሬዎች ተደስተው ወደ ማሳቸው እንደሚመሩት በሚገባ ገለጸች። የንግግሯ ሰዋስው እንከን አልነበረበትም። ክቡርነታቸው «ግቡን አላሳካችም» ብለው ጻፉ። ቀጥለው ሌላ ልጅ ወደ ጣቢያው የሚወስደውን መንገድ ቢጠይቁት፣ «እዚህ ጣቢያ የለም፤ በእውነት መሄድ የሚፈልጉት ወዴት ነው?» ብሎ በእንግሊዝኛ መለሰላቸው። ይህም «ከመጽሐፉ ያፈነገጠ» ተባለ። ለእኔ ከግቦቹ ውጪ በማስተማሬ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ካርታውም ከግድግዳው እንዲነሣ ታዘዘ። ትዕዛዙን አክብረን ከግድግዳው አንሥተነዋል፤ ስለ በሩ የተባለ ነገር ስላልነበረም በሩ ላይ ለጥፈነዋል።

እንግዳችን ሲወጡ ተራራው ጠቁሮ ነበር። አቋራጭ ብለው በወንዙ በኩል ሊሄዱ ሲሉ ኡሙልኸይር ሮጣ ደረሰችባቸው፤ በጠራ እንግሊዝኛም «በአሸዋው አይሂዱ፤ ጎርፍ እየመጣ ነው። በወፍጮ ቤቱ በኩል ዞረው አስፋልቱን ያገኙታል» አለቻቸው። እርሳቸውም አንድ አፍታ ቆም ብለው ሰሟት፤ በወፍጮ ቤቱ በኩልም ዞሩ። በደህና ገብተዋል። ልጅቱ እያፏጨች ወደ ክፍሏ ስትመለስ አይቻታለሁ። እሷ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለመንገደኛ አቅጣጫ ማመልከት አትፈራም። ይህን ግን መዛኙ በቅጻቸው ላይ የሚሞሉበት ቦታ ያገኙ አይመስለኝም።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። የባቡሩን ጣቢያ አንነካብዎትም፤ ሰውም አድኖልናል። ከአጠገቡ ግን ለጎርፍ፣ ለአሸዋና ለግመል ጥቂት ቦታ ቢፈቅዱላቸው፣ እያንዳንዱም ትምህርት ቤት የራሱን መንገድ በራሱ ካርታ ቢያስተምር፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋ በዚህ የሚቀየም አይመስለንም።

ከግቦችዎ በታች ዝቅ ብዬ፣ ከማኅተምዎ ፊት ቆሜ፣ ከክፍል ሙሉ ልጆች ጋር ከፍ ያለ ሰላምታ የማቀርብልዎ፣ ማስጠንቀቂያ የተሰጠኝ ታዛዥዎ፣

መምህር ሕሉፍ ኃይሉ
ከራያ ቆላ

ማስታወሻ፦ መልስ ለመጻፍ ከፈቀዱ እባክዎ በእንግሊዝኛ ያድርጉልን። ኡሙልኸይር በቀይ እስክሪብቶ አርማ ትመልስልዎታለች፤ ግቡን ካላሳኩም አይስጉ፣ እሷ ደግማ ትፈትንዎታለች።