የቅርንፉድ ዛፍ ለማየት የቀረበ የፈቃድ ጥያቄ

ለተከበሩ የሰፈራችን ዕድር ሊቀመንበር
ለአቶ ደጀኔ
ሮቤ

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ፣ አካም ጂርቱ፤ በሦስቱም ሰላም ያልኩዎት በአንዱ እንኳ ፊትዎን ቢመልሱልኝ ብዬ ነው። እርስዎ፣ ወይዘሮ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም ከሁሉም አብልጠው የሚወዱት የመተዳደሪያ ደንባችን እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ እርስዎ በፈቀዱልን መጠን ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ በወፍጮ ቤቱ በር ላይ የለጠፍኩት፣ በእጅዎ የሰጠኋቸው ማመልከቻዎች የት እንደ ገቡ ስለማላውቅና ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ የሚያነበው ነገር ስለማያጣ ደስ ይለዋል ብዬ ነው።

ከሌላ ሰፈር እህል ሊያስፈጭ ለመጣ አንባቢ ራሴን ላስተዋውቅ። ጀይላን እባላለሁ፤ የዕድራችን የድንኳን ኃላፊ ነኝ፤ የመጋዘኑ ቁልፍ አንገቴ ላይ ነው የሚያድረው። ባለቤቴ ጁሀራ ገበያ ውስጥ ቅመም ትሸጣለች። ባለፈው ክረምት ዓይኗ ቢያስቸግራት ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሙ ግላኮማ የሚባለው እንደ ሆነ፣ እይታዋ ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ እንደሚሄድ፣ የጠፋው እንደማይመለስ፣ መድኃኒቱም ቢያዘገየው እንጂ እንደማያስቀረው ነገረን፤ ማየት የምትፈልገው ነገር ካለ ደግሞ ባትዘገይ ጥሩ ነው አለ። ቤት ልንገባ ስንል አንድ ነገር ብቻ አለችኝ፦ “ዕድሜዬን ሙሉ ቅርንፉድ ሸጥኩ፤ ዛፉን ግን አላየሁትም።”

ጉዞው ከዚህ ተነሣ። ቅርንፉድ የሚበቅለው የት ነው ብዬ ስጠይቅ ዛንዚባር አሉኝ፤ ሐሩር አገር ነው፣ ዙሪያው ባሕር ነው፣ ሕዝቡም የእኛው ሃይማኖት ተከታይ ነውና በምግቡ አንቸገርም። ዕቅዳችን አጭር ነበር። ዛፉን እናያለን፣ ባሕሩን እናያለን፣ በኮኮናት ወተት የተሠራ ዓሣ ቅርንፉድ ከገባበት ሩዝ ጋር እንበላለን፣ እንመለሳለን። ጁሀራ እስከ ዛሬ ያየችው ትልቁ ውሃ ሶፍ ዑመር ላይ ወደ ዋሻው የሚገባው የወይብ ወንዝ ነው፤ እሱም ገና ሳይጠገብ ከዓይን ይሰወራል። ለዚህ ለትንሽ ጉዞ ያደረጉልንን ውለታ እንደሚከተለው በተራ ቁጥር ላመስግን።

፩. የመጀመሪያው የጉዞ ቀናችን ሲደርስ አቶ በለጠ ታመሙ። አቶ በለጠ የሰፈራችን አንጋፋ ሰው ናቸው፤ አላህ ጨርሶ ያሽራቸው። እርስዎም ትልቅ ሰው ተኝቶ የድንኳን ኃላፊ ከከተማ አይወጣም ብለው አስቀሩን፤ ጉዞውን አራዘምን፤ አቶ በለጠ ዳኑ። ሌላ ቀን ቆረጥን፤ አቶ በለጠን ሳል ያዛቸው፤ እንደገና ቀረን፤ እንደገና ዳኑ። የሰውየው ሕመም ከእኛ ሻንጣ ጋር የተያያዘ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው፤ ሻንጣው ከአልጋ ሥር ሲወጣ እሳቸው አልጋ ላይ ይወጣሉ፣ ሻንጣው ሲመለስ ተነሥተው ገብስ ያሳጭዳሉ። ለጤናቸው ያደረግነውን አስተዋጽኦ ስላሳወቁን እናመሰግናለን።

፪. ቁልፉን ለጎረቤቴ ለልብስ ሰፊው ሙደሲር ላስረክብ ብዬ ጠየቅሁ። ታማሚ ተኝቶ የድንኳን ቁልፍ ማስተላለፍ ሰውየውን ቶሎ ሂድ እንደ ማለት ነው አሉኝ። ይሁን። አቶ በለጠ ተነሥተው ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አይቼ አሁንስ ላስረክብ ብል፣ ሙደሲር አተካከሉን ሳያውቅ አይረከብም አሉ። እንግዲያው ላስተምረው ብል፣ ሰው ሳይሞት ድንኳን መትከል ሟርት ነው አሉ። የቀድሞ ረዳቴ ወደ ብድሬ ከተማ ወርዶ ከብት ነጋዴ ሆኗል፤ ሰርገኛው አዳራሽ መከራየት ጀምሯል፤ ዘንድሮ ደግሞ አልሐምዱሊላህ ከሰፈራችን ሰው አልሞተም። እንግዲህ ሙደሲር እንዲማር ሰው መሞት አለበት፣ ሰው ከሞተ እኔ መገኘት አለብኝ፣ እኔ ከተገኘሁ ሙደሲር ምን ይሠራል? ይህን የመሰለ አጥር ያለ አንድ እንጨት ያጠረ ጭንቅላት በአንድ ዕድር ብቻ ተወስኖ መቅረቱ ለአገር ጉዳት ነው እላለሁ።

፫. የተከበሩ ባለቤትዎ እርስዎ በከለከሉት ጉዞ የምንይዘውን የገብስ ጭኮ በባልዲ አዘጋጅተው ልከውልናል። ሁለቴ ላኩልን፣ ሁለቴም ቤታችን ቁጭ ብለን በላነው። ቅቤው የዋዛ አልነበረም፤ እጃቸው ይባረክ።

፬. በጠቅላላ ጉባኤው ፊት የሰጡን አማራጭ አለ። ሐሩር ካማራችሁ ዶሎ መና ወርዳችሁ ማንጎ ብሉ፣ ማየት ካማራችሁ ደግሞ ዲንሾ ላይ የደጋ አጋዘን መንገድ ዳር ድረስ ወጥቶላችኋል ብለዋል፤ ጉባኤውም ስቋል። ዶሎ መናን እንወደዋለን፣ ማንጎውንም በልተናል። በዲንሾም በኩል በቅርቡ በሚኒባስ አልፈን አጋዘኑን ያውልሽ ብዬ በጣቴ አሳየኋት፤ የቱ ጋ ነው አለችኝ። ከመስኮታችን ሥር ቆሞ ነበር።

ክቡር ሊቀመንበር፣ ቁጥሩን እዚህ ላይ ላቁመው፤ መቀለዱም አቃተኝ። ጁሀራ አሁን እርዱንና ቀረፋውን የምትለየው በጣቷና በአፍንጫዋ ነው፤ ደንበኞቿ እንዳያውቁባት ግን የምታይ መስላ ወደ ዕቃው ታጎነብሳለች። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆማ አንድ ዓይኗን በመዳፏ እየሸፈነች የጎረቤትን ቆርቆሮ ትመለከታለች። ምን ያህል እንደ ቀረላት አትነግረኝም፤ እኔም አልጠይቃትም። ፈርቻለሁ። ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ ባሕሩ ፊት ባቆማት የቱ ጋ ነው እንዳትለኝ ፈርቻለሁ። እርስዎ ደግሞ ከሄድክ ከነቤተሰብህ ከዕድር ትሰረዛለህ ብለውኛል፤ ዓይኗ ለሚጠፋ ሴት ጎረቤት ምን ማለት እንደ ሆነ ስለሚያውቁ ቅጣቱን በጥሩ ሁኔታ መርጠዋል።

ባለፈው ጁምዓ አቶ በለጠ ሴት ልጃቸውን ይርጋለምን ልከው አስጠሩን። አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ይበሉ ነበር። ለካስ በእሳቸው ምክንያት መቅረታችንን ይርጋለም ከዚሁ ከወፍጮ ቤት ሰምታ እስክትነግራቸው ድረስ ምንም አያውቁም ነበር፤ ሳይሞቱ ሲጠበቁ መክረማቸውን የሰሙት ያን ዕለት ነው። ለጁሀራ እጃቸውን ዘረጉላት። በጎን በኩል ነበርና አላየችውም፤ እጃቸው እንደ ተዘረጋ ቀረ። አዛውንቱ ቀስ ብለው እጃቸውን ሰበሰቡና ወደ እኔ ዞሩ።

“ድንኳኑን እዚሁ ግቢዬ ውስጥ ትከሉት፤ ሙደሲር ይማር። እኔ ከሥሩ ወንበር አውጥቼ እቀመጣለሁ፤ ሟርት ከሆነም በእኔ ይሁን” አሉ።

ስለዚህ ቅዳሜ ድንኳኑ በአቶ በለጠ ግቢ፣ አቶ በለጠ በሕይወት ባሉበት ይተከላል። ሲመሽ ቁልፉን ለሙደሲር አስረክባለሁ፤ እሑድ እኔና ጁሀራ እንሄዳለን። ፈቃድዎን የጠየቅሁት ለሥርዓቱ ያህል ነው፤ መልስዎን አልጠብቅም። አንድ ልመና ግን ከልቤ አለኝ። መሰረዙ የማይቀር ከሆነ የእኔን ስም ብቻ ይሰርዙ፣ የእሷን ይተዉልኝ፤ ከእንግዲህ እጇን ይዞ መንገድ የሚያሻግራት ሰው ያስፈልጋታል።

ረጅም ዕድሜዎን፣ በተለይም ከእሑድ ጀምሮ እስክንመለስ ድረስ ያለውን ዕድሜዎን፣ ፈጣሪ እንዲጠብቅልን እጆቼን ዘርግቼ የምለምን፣ ታዛዥነቴ እስከ ቅዳሜ ምሽት የጸና አገልጋይዎ፣

ጀይላን
የድንኳን ኃላፊ

ማሳሰቢያ፦ ሙደሲር በአንድ ልምምድ ብቻ እጁ እንደማይፈታ ነግሮኛል። ሁለተኛውን የት እናድርገው ብለን ስንመካከር፣ አቶ በለጠ የእርስዎ ግቢ ከሁሉም እንደሚሰፋ አስታውሰውናል፤ ወንበራቸውን ይዘው እንደሚመጡም ቃል ገብተዋል።