ለዕቃ ማጓጓዣ ክፍሉ ኃላፊ፦ ቤቴን ራሴ ስለ መጫኔ

ለተከበሩ የሠራዊት ቤተሰቦች ዝውውርና ዕቃ ማጓጓዣ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በተለይ ደግሞ ወገብዎ በሙሉ ጤንነት ላይ እንዲገኙ ከልብ እመኛለሁ። ወገብዎን ለይቼ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የስንቱን ቤት አልጋና ቁም ሣጥን በፊርማዎ ብቻ ከአገር ጫፍ እስከ አገር ጫፍ ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ስለሆኑ፣ ያ ሁሉ ሸክም አንድ ቀን ድንገት እንዳይሰማዎት እሰጋለሁ።

ማን እንደሆንሁ ላስተዋውቅ። የአንድ ሃምሳ አለቃ ሚስት፣ የአንዲት ልጅ እናት፣ ከመኖሪያ ግቢው በር ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ሱቅ ክር፣ ቁልፍ፣ ዚፕና ላስቲክ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። ውሎዬን በየዕለቱ የመጻፍ ልማድ ስላለኝ፣ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ በንዴት የተወረወረ ሳይሆን ቀዝቅዞ ያደረ ነው።

ባለቤቴ ወደ አዲሱ ምድቡ ከሄደ ሰንብቷል። የእሱ ሻንጣ አንድ ናት፤ ትእዛዙ በደረሰው ማግስት አንጠልጥሏት ሄደ። ቤቱ ግን ከእኔና ከልጄ ጋር ቀረ። ክፍልዎም በቸርነቱ አማራጭ ሰጠኝ፦ ወይ እንደ ልማዱ ራሱ ይጭነናል፣ ወይ ደግሞ ቤተሰቡ ዕቃውን በራሱ አጓጉዞ ወጪው ይተካለታል። ውሳኔዬን እስከ ዓርብ እንዳሳውቅ በጽሕፈት ቤትዎ መስኮት በኩል ተነግሮኛል። በዚያው መስኮት ምክንያቴን ላስረዳ ሞክሬ ነበር፤ ነገር ግን መስኮቱ ጠባብ ስለሆነ «አዎ» ወይም «አይ» ካልሆነ በቀር ሌላ ነገር አላሳልፍ አለኝ። በአደባባይ መጻፌ ስለዚህ ነው፤ ድፍረት አይሁንብኝ።

ከሁሉ አስቀድሜ ግን ክፍልዎ እስከ ዛሬ ለዋለልን ውለታ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ንግድ ትምህርቱ። ቀደም ሲል በነበርንበት ጣቢያ ብርጭቆና ሰሐን ነበር የምሸጠው። ስንዛወር የሱቄን ዕቃ ራሴ በጭድ ጠቅጥቄ፣ ሣጥኖቹ ላይ በትልልቁ «ተሰባሪ» ብዬ ጽፌ ለሠራተኞችዎ አስረከብሁ። በመድረሻው አንዱን ሣጥን ሳነቃንቀው ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ የመሰለ ድምፅ ሰጠኝ። የአልጋው ብረት ሙሉውን እላዩ ላይ ተጭኖበት ነበር። የጫነውን ሠራተኛ ስጠይቀው ቅር ሳይለው፣ «እህቴ፣ ተሰባሪ የሚለውንማ አይተናል፤ ለዚያ እኮ ነው የማይሰበር ነገር ከላይ ያደረግንበት» ሲል አስረዳኝ። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ሳስገባ የምጠይቀው ምን ያህል ያተርፋል ብዬ ሳይሆን ከክፍልዎ መኪና በሕይወት ይወርዳል ወይ ብዬ ነው። ቁልፍ አይሰበርም፤ ቢበተንም ይለቀማል። ይህን ዓይነት ትምህርት የትም ከፍዬ አላገኘውም ነበርና አመሰግናለሁ።

፪ኛ. ስለ ጥንቃቄው። ሠራተኞችዎ ቤት ውስጥ ያገኙትን ሁሉ ያለ አድልዎ ያሽጋሉ። ባለፈው ዝውውር የወጥ ቤቱን የቆሻሻ ቅርጫት ከነሽንኩርት ልጣጩ አሽገው፣ ረጅሙን መንገድ አጓጉዘው፣ አዲሱ ቤቴ ውስጥ በክብር አስቀምጠውልኛል። ከመስተዋቴ ይልቅ እሱ በወፍራም ወረቀት ተጠቅልሎ ነበር። መስተዋቱ ስለ ደረሰበት ነገር አላነሳም፤ አሁን በየስንጥቁ ብዙ ሆኜ እታይበታለሁ፤ ብቻዬን ለምውል ሰው ይህም አንድ ነገር ነው።

፫ኛ. ስለ ቦርሳው። ይህ ረዘም ስለሚል ትዕግሥትዎን እለምናለሁ።

በዚያው ጣቢያ አንዲት መምህርት ጎረቤት ነበረችኝ። ጎረቤት ስል በር ለበር ስለ ኖርን ብቻ አይደለም፤ ልጄ ስትታመም ቀድማ የምትሰማ፣ ሳልጠራት የምትገባ፣ ስታኮርፈኝም የማታስነቃ ሰው ነበረች። የምንጫን ቀን ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቃ፣ እስክሄድ አብራኝ ልትውል መጣች። ቦርሳዋን አልጋው ላይ ጣል አድርጋ እጅጌዋን ሰብስባ ወጥ ቤት ገባን። እኛ መደርደሪያውን ስንወለውል፣ የተከበሩ ሠራተኞችዎ ቦርሳዋን በሣጥን፣ ሣጥኑን በመኪና አድርገው መኪናውን አሸጉት። ቦርሳው ውስጥ የቤቷ ቁልፍ፣ ስልኳና መነጽሯ ነበሩ። ሮጠን ብንለምን፣ የታሸገ መኪና የሚከፈተው በመድረሻው ብቻ መሆኑ በትሕትና ተነገረን።

ስለዚህ አብረን ልንቀመጥበት ያሰብነውን ሰዓት ቁልፍ ሠሪ ፍለጋ ሮጥንበት። ቁልፍ ሠሪው ሲገኝ የእኔ አውቶቡስ ደርሶ ነበር። በኋላ እንደ ሰማሁት ሰውዬው ጠንቃቃ ኖሮ፣ ቤቱ የእሷ መሆኑን የሚመሰክር ሰው ካላመጣች አልከፍትም ብሏታል። የምትመሰክርላት እኔ ነበርሁ፤ እኔ ግን አውቶቡስ ላይ ነበርሁ። ስንለያይ የተባባልነው የመጨረሻ ቃል «ሩጪ» የሚል ነው።

ቦርሳው አዲሱ ቤቴ ሲደርስ መልሱልኝ ብዬ ለክፍልዎ አመለከትሁ። «ዕቃ የሚጫነው ወደ ምድብ ቦታ ነው፤ ወደ ኋላ የተመደበ ሰው የለም» ተባልሁ። ትክክል ነው፤ ማንም ወደ ኋላ አይመደብም። በመንገደኛ ላክሁላት። ደርሷታል፤ ደውላም አመሰገነችኝ፤ ምስጋናዋ ግን ለፖስታ ቤት የሚሰጥ ዓይነት ነበር። ሳንቀያየም፣ ሳንጣላ፣ እንዲሁ ተጠፋፋን።

፬ኛ. ልጄ መጫወቻዎቿን የያዘ አንድ ካርቶን አላት። እዚህ ከመጣን ወዲህ አልፈታችውም። ለምን ብላት፣ «ይታሰር የለ መልሶ» አለችኝ። ለዚህ ምስጋናዬን እንዴት አድርጌ እንደምጽፍ ስላላወቅሁ ቁጥሩን ብቻ ትቼልዎታለሁ።

አሁን ወደ አማራጩ ልመለስ። ቤተሰብ ራሱን ቢያጓጉዝ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለውን እንደ ነጋዴ አስልቼዋለሁ፤ በሒሳቡ አላደክምዎትም፣ አያከስርም። ሒሳቡ ውስጥ አልገባ ያለኝ የመመሪያዎ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ራሱን የሚያጓጉዝ ቤተሰብ ለግቢው ጸጥታ ሲባል የውጭ ጫኝ ማስገባት እንደማይችልና ረዳቶቹን «ከዘመዶቹ፣ ከጓደኞቹና ከጎረቤቶቹ» እንደሚያሟላ ይላል። ይህን ሳነብ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሱቄ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዘመዶቼ፣ ከጓደኞቼና ከጎረቤቶቼ በየተራ ያለያየኝ ክፍል በየትኛው ኪሴ ይዣቸው እንደምዞር ያስብ ይሆን አልሁ።

ቁም ሣጥን ሁለት ጫፍ አለው። አንዱን እኔ እይዛለሁ፤ ሌላውን ማን ይይዘዋል? ይህን ይዤ ቀኑን ሙሉ መንገደኛውን ሳይ ዋልሁ። በዚህ ግቢ የማን ጃኬት ዚፕ እንደተበላሸ አውቃለሁ፣ የማን ልጅ ቁመት ጨምራ የቀሚሷ ጠርዝ እንደተለቀቀ አውቃለሁ፤ የማንም ቤት ግድግዳ ምን ዓይነት ቀለም እንደተቀባ ግን አላውቅም። ያለ ሐሰት ለመናገር ክፍልዎን ብቻ ልወቅስ አልችልም። ከመምህርቷ በኋላ ወዳጅ ማፍራቱንም እንደ ብርጭቆው አየሁት፤ የሚሰበር ዕቃ አላስገባም አልሁ። ጥሩ ነጋዴ ነኝና ቃሌን ጠበቅሁ።

ለባለቤቴ ደወልሁ። «እኔ እዚህ አንሶላ የሌለው አልጋ ላይ ነው የምተኛው፤ አንቺ ያልሽው ይሁን» አለኝ። ያልሁት ነገር እንዳልነበረ ሳይገባው መስመሩ ተቋረጠ። ያን ጊዜ ተነሥቼ የፊት ለፊቱን በር አንኳኳሁ።

እዚያ የሚኖረው የጋራዡ መካኒክ ነው፤ ሞተር በእጁ ስለሚያነሳ ግቢው «ዊንጩ» ይለዋል። በሩን ከፍቶ ሲያየኝ ደነገጠ። «ምነው? እሳት ተነሳ እንዴ?» አለኝ። እሳት ሳይሆን ቁም ሣጥን መሆኑን ነገርሁት። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ሰላምታሽን እንደ ላስቲክ በሜትር እየለካሽ ስትሰጪኝ ኖረሽ ኖረሽ፣ ዛሬ መጥተሽ ቁም ሣጥን ልታሸክሚኝ?» አለ። ከውስጥ ሚስቱ፣ «አንተ ሰውዬ፣ በር ላይ አቁመህ ነው እንዴ የምትሰድባት? አስገባትና ስደባት!» ስትል ሰማሁ።

ገባሁ። ግድግዳቸው አረንጓዴ ነው። ሚስቱ አጠገቧ አስቀመጠችኝና ቀስ ብላ፣ «ልጅሽ ስትስቅ እዚህ ድረስ እንሰማታለን፤ አንቺን ግን ሰምተንሽ አናውቅም» አለችኝ። ከመጣሁ ጀምሮ ልትጠራኝ ስትል ባሏ «ተያት፣ ነጋዴ ናት፣ ጊዜ የላትም» እያለ ይከለክላት እንደነበርም አጫወተችኝ። እሱም ከጓዳ፣ «ታዲያ ዋሸሁ?» አለ። ሳቅን። ሦስታችንም። እሱ ከጓዳ ወጥቶ፣ «ይኸው ሰማናት፤ አሁን የማነሳውን ልይ» ብሎ ቀድሞኝ ወደ ቤቴ ተሻገረ። ቁም ሣጥኑን ዙሪያውን ዞሮ አየውና ብቻውን እንደሚያነሳው፣ እኔ ካገዝሁት ግን ከግድግዳ ጋር እንደማጋጨው ነገረኝ።

ክቡር ሆይ፣ በዚህ ግቢ ሰው እንዳለኝ ያወቅሁት ልወጣ ስል ነው። ይህ በየትኛው የክፍልዎ ደንብ ካሣ እንደሚያስገኝ ቢያጣሩልኝ ደስ ይለኛል።

ውሳኔዬ እነሆ፦ ቤቴን ራሴ እጭናለሁ። መኪናውን ተከራይቻለሁ። አልጋው፣ ቁም ሣጥኑ፣ የሱቄ ዕቃና የልጄ ካርቶን ጠዋት ይጫናሉ፤ ከሰዓት በፊት ግን የትም አንሄድም። ወንበሮቹን ለመጨረሻ አስቀርቻቸዋለሁ። ባዶው ክፍል ውስጥ እናስቀምጣቸዋለን፣ ዊንጩና ሚስቱ ይመጣሉ፣ ለመቀመጥ ያህል እንቀመጣለን። የሚያሽግብን፣ የሚያጣድፈን ሰው አይኖርም። ሲበቃን ተነሥተን፣ የተቀመጥንበትን ጭነን፣ በሩን ራሴ እዘጋለሁ።

ልጄ ይህን ስነግራት «እዚያስ ማን አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ማንም እንደሌለ ነገርኋት፤ ለልጅ ዋሽቼ አላውቅም። ነገር ግን መጨረሻ የተጫነ ዕቃ መጀመሪያ ይወርዳል። እዚያ ስንደርስ አልጋው ሳይወርድ፣ መብራቱ ሳይበራ፣ ወንበሮቹ ይወርዳሉ። ቤት ውስጥም አላስገባቸውም፤ በሩ ላይ አደርጋቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ መቀመጥ አለመቀመጡን በዚያ የሚያልፍ ሰው ያውቃል።

ያለ እርስዎ እገዛ የትም ልትደርስ የማትችል መስሏት የኖረች፣ በክፍልዎ ደግነት ብዙ አገር አይታ ጥቂት ሰው ያወቀች፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

የሃምሳ አለቃው ባለቤት
ባለ ክርና ቁልፍ ሱቅ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ የተከራየሁት መኪና ሾፌር ጨዋታ አዋቂ ነው። ጽሕፈት ቤትዎ በቅርቡ ወደ አዲሱ ሕንፃ ሲዛወር ዕቃውን የጫነው እሱ መሆኑን፣ የክፍልዎ ሠራተኞች እንዲነኩ ስላልፈቀዱም ከውጭ ጫኞች ማስመጣትዎን፣ የሚቀመጡበትን ወንበር ግን ለጫኞቹም ሳይሰጡ ራስዎ ታቅፈው ደረጃውን መውጣትዎን አጫውቶኛል። ሌላው ሰው ሰምቶ ቢስቅም እኔ አልሳቅሁም። የሚሳሱለት ዕቃ ለየትኛው ክፍል መሰጠት እንደሌለበት ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ የለም።